በውሰት ቤት ሦስት ሳምንት
(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኘት ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «በውጭ አገር ኑሮሽ ካየሽው ነገር አንዱን መርጠሽ ንገሪን» ሲለኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት እንደ ልማዳችን ስለ ሙያ ለማውራት ነበር። ስለ እንጨት ሥራ፣ ስለ ቅዝቃዜ መከላከያ፣ በብርድ ወቅት ኮንክሪት እንዴት እንደሚሞላ። በኋላ ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ይኼን ከእኔ አብልጣችሁ እንደምታውቁት ትዝ አለኝ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ትንሽ የእንጨት ቤት ነው። ቤቱ የእኔ አይደለም፤ ተከራይቼውም አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት ከቤተሰቤ ጋር ሦስት ሳምንት በውሰት የቆየንበት፣ በስዊድን ባሕር ዳርቻ ያለ የሰው ቤት ነው። ስለ ጥገና የማውቀውን ነገር እንደገና እንዳስብበት ያደረገኝ እሱ ስለሆነ ነው የመረጥኩት።

በቅድሚያ ነገሩን ላስረዳ። ስዊድኖች «ሶመርስቱጋ» የሚሉት ቤት አላቸው። የበጋ ጎጆ እንደ ማለት ነው። ሕዝቡ አሥር ሚሊዮን ገደማ ሲሆን እንዲህ ያሉት ቤቶች ወደ 600,000 ይደርሳሉ። ከፊሎቹ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ ወደ ከተማ ሲገባ ትቷቸው የሄዱ አሮጌ ቤቶች ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ሠራተኛው በሕግ እረፍት ካገኘ በኋላ የተሠሩ ናቸው። ሕጉ ሁለት ሳምንት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ በ1951 ሦስት፣ በ1963 አራት፣ በ1978 አምስት ሳምንት ሆነ። ከዚህም ውስጥ አራቱን ሳምንት ሳያቋርጥ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ የመውሰድ መብት አለው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ስቶክሆልም ብትመጡ የከተማው ሰው የት እንደገባ ግራ ይገባችኋል። የጥርስ ሐኪም የለም፣ ቧንቧ ሠሪ የለም፣ ደብዳቤ የሚመልስ መሥሪያ ቤት የለም። ሁሉም «ነሐሴ ላይ እንነጋገር» ነው የሚለው።

እኛም እኮ «የክረምት እረፍት» አለን። ነገር ግን የእኛ ሐምሌ ጭቃ ነው፣ ጉም ነው፣ የተጠበሰ በቆሎ ነው። የእነሱ ሐምሌ ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት ፀሐይ ነው። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ «እማዬ በልጅነትሽ በክረምት እረፍት የት ትሄጂ ነበር?» ሲሉኝ «ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ሥር ባልዲ ለመደቀን» እላቸው ነበር። ቀልድ ይመስላቸዋል።

እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው ወደ ጎጆው ሲሄድ ከተማውን የሚያንቀሳቅሰው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኛ ያለው ነው። በአረጋውያን መጦሪያው፣ በሆስፒታሉ፣ በአውቶቡሱ፣ በጽዳቱ ሥራ ሐምሌ ላይ ተተኪ ይፈለጋል፤ ትርፍ ሰዓትም አለ። ለብዙ ሐበሻ ቤተሰብ ሐምሌ የመኸር ወር ነው። እኔም መሐንዲስነቴ እስኪታወቅልኝ ድረስ ሰባቱን ዓመት በአረጋውያን ቤት ነው የሠራሁት። ከዚያም በኋላ እረፍቴን እየሰጠሁ ለብዙ ዓመታት የክረምት ፈረቃ ወስጃለሁ። ያ ገንዘብ ሁለት ወንድሞቼን አስተምሯል፤ የእናቴን ቤት ቆርቆሮ ቀይሯል። በደንብ የዋለ ገንዘብ ነው።

በዚያ ዓመት ግን እናቴ መጣች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ቪዛዋ የሦስት ወር ነው። ሐኪሟ ልቧ እንደደከመ ነግሮን ስለነበር እኔም እህቴም ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጉዞ እንደማትችል ገብቶናል። የምንኖረው ከስቶክሆልም ወጣ ባለ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ማታ ስንመለስ እዚያው ናት። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጄ ከክፍሉ ሲወጣ ጉንጯን ይስማታል፣ «እማማ ደህና ነሽ?» ይላታል፤ ከዚያ በላይ የሚሄድ አማርኛ ስለሌለው ተመልሶ ይገባል። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ ትንሽ ትሻላለች። ባለቤቴ አንድ ምሽት «ዘጠና ቀን ነው የሰጡን፣ ሠላሳው አልቋል» አለኝ። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። በማግስቱ ከቅርብ አለቃዬ ጋር ተነጋግሬ የሐምሌን እረፍት ወሰድኩ። የት እንደምንሄድ ግን አላወቅንም፤ በዚያ ወቅት ቤት መከራየት በጣም ውድ ነው።

ቤቱን ያዋሱን የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። በማዘጋጃ ቤቱ የሕንፃ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠናል። ስዊድንኛ «አንቱ» ማለትን በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ትቶታል፤ ሚኒስትሩንም አስተማሪውንም «አንተ» ነው የሚሉት። እኔ ግን በአማርኛ ሳወራላችሁ በዕድሜ ታላቄ ናቸውና አንቱ እላቸዋለሁ። የዳሌ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ስለነበር በዚያ ዓመት ወደ ደሴቱ መሄድ አልቻሉም። የእናቴን ነገር ሲሰሙ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ስለ ኪራይ ሳነሳ ፊታቸው ተለወጠ። «ኪራይ አልፈልግም» አሉኝ። «በባሕሩ በኩል ያለው ግድግዳ ቀለም ይፈልጋል። ቀለሙ መጋዘኑ ውስጥ አለ። ከቻላችሁ ቀቡት፣ ከዘነበ ተዉት። ያደረጋችሁትን ደብተሩ ላይ ጻፉ።» ውላችን ይኼው ነበር።

ቤቱ ያለው ኧላንድ በሚባል ደሴት ላይ ነው። ከስቶክሆልም ወደ ደቡብ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ ካልማር ከተማ ይደረሳል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተ፣ ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ድልድይ አለ፤ ቀደም ሲል የሚሻገሩት በጀልባ ነበር። ደሴቱ ቀጭን ነው፤ ርዝመቱ 137 ኪሎ ሜትር፣ ሰፊ በሚባልበት ቦታ 16 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከታች ድንጋዩ ኖራ ነው፤ አፈሩ ስስ ነው። በየመንገዱ ዳር ድሮ እህል የሚፈጭባቸው የእንጨት የነፋስ ወፍጮዎች ቆመዋል። ድንጋዩን ለቅመው ያለ ሲሚንቶ የካቡት የእርሻ ካብ አገሩን ሁሉ ያቋርጠዋል። እናቴ ካቡን ስታይ «ይኼማ መንዝ ነው» አለች። የተወለደችው እዚያ ነው።

አሁን ስለ ቤቱ፤ ሙያችሁ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አርባ ስምንት ካሬ ሜትር ነው። ባለቤቲቱ እንደነገሩኝ አባታቸው በ1940ዎቹ በእጃቸው የሠሩት ነው። ሥሩ ኮንክሪት የለውም፤ በየማዕዘኑና በየመሐሉ በተካበ የኖራ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ከወለሉ በታች ነፋስ ያልፋል፣ እንጨቱ እርጥበት አይዝም። ግድግዳው ቁመቱን የቆመ ጣውላ ነው፤ በጣውላና በጣውላ መሐል ያለው ክፍተት በቀጭን ጣውላ ተሸፍኗል። ቀለሙ ቀይ፣ ማዕዘኑና የመስኮቱ ዙሪያ ነጭ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ወጥ ቤት ከብረት ምድጃ ጋር፣ በመሰላል የሚወጣበት ትንሽ ቆጥ አለው። መጸዳጃው ከቤቱ ወጣ ብሎ ነው። ውኃው ከጉድጓድ በእጅ ፓምፕ ይቀዳል። በዚያ ደሴት አፈሩ ስስ ስለሆነ የከርሰ ምድር ውኃው ጥቂት ነው፤ በደረቅ በጋ በቁጠባ መጠቀም ግድ ነው። ልጆቼ መጀመሪያ ቀን ደነገጡ። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ውኃ በእንስራና በጀሪካን ያስተዳደረች ሴት ናት። በሁለተኛው ቀን የውኃው አለቃ እሷ ሆነች። ሰሐን የታጠበበት ውኃ የት እንደሚደፋ፣ የፊት መታጠቢያው ስንት ጣሳ እንደሆነ የምታዝዘው እሷ ናት። በስቶክሆልም ስድስት ሳምንት ስታወራ ከሰማኋት ይልቅ በዚያች ቀን ብዙ አወራች።

ያስገረማት ሌላው ነገር አጥር አለመኖሩ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰዎች ፎጣ ትከሻቸው ላይ አድርገው ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው የእግር መንገድ ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? በሰው ግቢ ምን ይሠራሉ?» አለችኝ። እንግዲህ ሕጉን ማስረዳት ነበረብኝ። «አለማንስሬተን» የሚሉት ነገር አላቸው፤ የሁሉም ሰው መብት ማለት ነው። ማንም ሰው በሌላው ጫካ ውስጥ መሄድ፣ እንጆሪና እንጉዳይ መልቀም፣ ለአንድ ሌሊት ድንኳን መትከል ይችላል፤ ወደ ሰው መኖሪያ እስካልተጠጋ፣ ሰብል እስካልረገጠ፣ ነገር እስካላበላሸ ድረስ። ልማዱ የቆየ ነው፤ በ1994 በሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ገብቷል። የባሕርና የሐይቅ ዳርቻ ደግሞ ለብቻው ጥበቃ አለው። ከውኃው ጠርዝ አንድ መቶ ሜትር፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ሦስት መቶ ሜትር፣ ያለ ልዩ ፈቃድ አዲስ ቤት መሥራት ክልክል ነው። ይኼ ጥበቃ ከ1975 ጀምሮ ለመላው አገሪቱ የሚሠራ ነው። የእኛ ጎጆ ከዚያ በፊት ስለተሠራ ነው የቀረው። ባሕሩ ግን የቤቱ ባለቤት ንብረት አይደለም፤ የሚያልፉት ሰዎች መንገዳቸው ነው።

እናቴ አሰበችና «ሌባስ?» አለች። ባለቤቴ «ከዚህ ቤት ምን ይወሰዳል?» አላት። ዙሪያውን አየች፤ አሮጌ ድስት፣ የተጠገነ ወንበር፣ የብረት አልጋ። «እውነትህን ነው» አለች። በአምስተኛው ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጣ የሚያልፈውን ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ትል ጀመር። እነሱም «ሄይ» እያሉ እጃቸውን ያነሳሉ። እኛ አስተርጓሚ አልተባልንም።

ባሕሩን የገባችበትን ቀን ልንገራችሁ። የደሴቱ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ ነጭ አሸዋ ነው፤ ውኃው ብዙ ርቀት ድረስ ጥልቀት የለውም። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ገባች፤ በእፍኟ ዘግና ቀመሰችው። «ይኼ ባሕር አይደለም፣ ሐይቅ ነው» አለች። እናቴ ባሕር ታውቃለች። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ በአስመራና በምፅዋ መሐል ሲመላለስ ሁለት ዓመት ምፅዋ ኖራለች። የቀይ ባሕር ውኃ በሊትር አርባ ግራም ያህል ጨው አለው፤ በኧላንድ ዙሪያ ያለው የባልቲክ ውኃ ሰባት ግራም ቢሆን ነው። ብዙ ወንዝ ይገባበታል፣ ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኘው ደግሞ በዴንማርክ በኩል ባለ ጠባብ በር ነው። ልጄ ይኼን ስነግረው ስልኩን አውጥቶ ፈለገና ከበረዶ ዘመን በኋላ ባልቲክ በአንድ ወቅት በእርግጥ ሐይቅ እንደነበረ አገኘ። ከዚያ የሆነው ነገር ለእናንተ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ወደ አያቱ ሄዶ፣ እኔን ሳይጠራ፣ «እማማ፣ አንቺ ልክ ነሽ። ድሮ ሐይቅ ነበር። በረዶው ቀለጠ፣ ከዚያ ባሕር መጣ» አላት። «ታዲያ የቀመሰ አይሳሳትም» አለችው። ልጁ ያን ያህል አማርኛ በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁሉም ቀን እንዲህ አልነበረም። ሁለቱን ቀን ዘነበ፤ አምስት ሰው በአርባ ስምንት ካሬ ውስጥ መዋል ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። አየሩ ሞቆ ነፋስ ሲጠፋ ደግሞ ውኃው ላይ አረንጓዴ ቅባት የመሰለ ነገር ተንጣለለ። ከእርሻ ማዳበሪያና ከፍሳሽ በሚገባው ንጥረ ነገር የሚባዛ መርዛማ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ ሦስት ቀን ልጆቹን ከውኃ ከለከልን። ምሽቱም አስቸገራት። ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሳ ትወጣለች። «መቼ ነው የማታውን ጸሎት የማደርሰው?» አለች። ልጄ መስኮቱን በነጠላ ሸፈነችላት።

ሐምሌ 19 ቀን ለገብርኤል ቡና ማፍላት ፈለገች። በጋው ደረቅ ስለነበረ በአካባቢው ደጅ ላይ እሳት ማንደድ ተከልክሏል፤ ከሰል የለም። ቡናው በምድጃው ላይ ተቆላ፣ እጣኑ ግን ቀረ። እንዲያም ሆኖ ሽታው ወጣ። ሁለት ቤት አለፍ ብለው ያሉ ባልና ሚስት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ሦስተኛውን ሳይጠጡ እንዳይሄዱ እናቴ በእጇ አመልክታ አስቀመጠቻቸው። ሰውዬው በማግስቱ ያጨሰውን ዓሣ ይዞልን መጣ።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ። ያ በመላው አገሩ የምታዩት ቀይ ቀለም የሚመጣው ፋሉን ከሚባል የመዳብ ማዕድን ነው። ማዕድኑ ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ተቆፍሮ በ1992 ተዘግቷል፤ በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መዳቡ ከወጣ በኋላ የቀረው ተረፈ ምርት የብረት ዝገት አለበት። ይኼ ተፈጭቶ ከውኃ፣ ከዱቄት፣ ከተልባ ዘይትና ከብረት ሰልፌት ጋር ይቀቀላል። አዎ፣ ዱቄትና ተልባ፤ እናቴ ስትሰማ «ይኼማ የምግብ ሥራ ነው» አለች። ይኼ ቀለም እንደ ፕላስቲክ ቀለም ላዩን አይዘጋም፤ እንጨቱ የጠጣውን እርጥበት መልሶ ይተፋል። ሲያረጅ አይላጥም፤ እንደ ጠመኔ ይረግፋል። የረገፈውን በደረቅ ብሩሽ ጠርጎ በላዩ መድገም ነው። ርካሽ ነው፣ ሥራውም ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው በየጊዜው አንድ ሰው ተነስቶ መቀባቱን ብቻ ነው። በላዩ ላይ የሚዘጋ ዘመናዊ ቀለም ከተቀባ ግን እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፣ ጣውላው ከውስጥ ይበሰብሳል።

አራት ቀን ፈጀብን። ባለቤቴና ልጄ መሰላሉ ላይ፣ እኔና ልጄ ከታች። እናቴ ወንበሯን ጥላው ሥር አድርጋ ተቆጣጣሪ ሆነች። «ከላይ ጀምር አንተ ልጅ፣ ጠብታው የታችኛውን ያበላሽብሃል» ትላለች። የመንዝ ሴት የስዊድንን ቀለም መቼ አወቀች? አላወቀችም። ምርጊት ግን ታውቃለች። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል በፊት፣ ዝናብ የመታውን ግድግዳ ጭቃ ከጭድ፣ እበት ከአመድ አላቁጦ መለሰን የሴቶቹ ሥራ ነበር። ከላይ ነው የሚጀመረው። ለልጄ ይኼንን ስትነግረው እኔ ትርጉም ላግዝ ብዬ ብሩሼን አስቀመጥኩ። አልፈለጉኝም። እጇን ግድግዳው ላይ እያሳየች፣ እሱም ብሩሹን ይዞ፣ ሁለቱ ተግባብተዋል።

ከእናንተ መሐል እንደኔ ልደታ ግቢ የተማራችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። እኔ ስገባ የስዊድን መምህራን ከሄዱ ቆይተዋል፤ ያስተማሩን እነሱ ያስተማሯቸው ኢትዮጵያውያን ናቸው። ጥሩ አድርገው አስተምረውናል። መሠረት፣ ምሰሶ፣ ጣሪያ፣ የጭነት ስሌት ተምረናል። ያቺ ደሴት ላይ ግን ሁለቱን ትምህርቴን አንድ ላይ አየኋቸው፦ የኮሌጁንና የእናቴን። ኮሌጁ ቤት እንዴት እንደሚቆም አስተማረኝ። እናቴ ደግሞ የቆመው ቤት በየዓመቱ የሰው እጅ እንደሚፈልግ ታውቃለች። የጭቃ ቤትም የጣውላ ቤትም ደካማ ነው፤ ሁለቱም ሰማንያ ዓመት የሚቆሙት በየዓመቱ የሚነካቸው ሰው ስላለ ነው።

ደብተሩን ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፤ ሦስተኛው ነው፣ የመጀመሪያው የሚጀምረው በ1961 ነው። ያደረ ሰው ሁሉ ይጽፍበታል። ማታ ማታ ለቤተሰቡ እየተረጎምኩ አነብ ነበር። ስለ ፍቅርና ስለ ውበት የተጻፈ ብዙ የለበትም። «የፓምፑ ላስቲክ ተቀየረ፤ መለዋወጫው መሳቢያው ውስጥ ነው» ይላል። «የመሰላሉ ሁለተኛ እርከን ተሰንጥቋል፤ እስክንቀይረው አትርገጡት።» በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ሰው እጅ፦ «እርከኑ ተቀየረ።» በ1969 ሐምሌ ላይ «ዛሬ ሌሊት ሰዎች ጨረቃ ላይ ወረዱ፤ ሬዲዮው ባትሪ ጨረሰብን፤ የምሥራቁ መስኮት ማጠፊያ ዘይት ይፈልጋል» የሚል አለ። እዚያ ቤት ያደሩ ሰዎች አብዛኞቹ ተገናኝተው አያውቁም። አንዱ የጀመረውን ግን ሌላው ይጨርሳል።

በመጨረሻው ቀን እኔ በስዊድንኛ የግድግዳውን ሥራ ጻፍኩ። እናቴ «ለእኔም ስጪኝ» አለች። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሲጀመር የሦስት ልጆች እናት ነበረች። መነጽሯን አድርጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ጻፈች። እንዲህ ይላል፦ «ሐምሌ 19 ቀን ቡና ጠጣን። ግድግዳው ተቀባ። ልጁ ጎበዝ ነው። ውኃው ጨው የለውም። ጉድጓዱን አታባክኑት። የቤቱን ባለቤት እግዚአብሔር ይማራት፣ እግሯን ያጽናላት።» ስሟንም ጻፈች። እኔ ከሥሩ ተረጎምኩት።

እናቴ ቪዛዋ ሲያልቅ ተመለሰች። ባለፈው ዓመት አረፈች። እዚህ ቀብሯ ላይ ደርሼ ስመለስ ስቶክሆልም ያለው ሐበሻ ቤታችን ለቅሶ ተቀመጠ። በሁለተኛው ቀን ባልደረባዬ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ፤ በቦርሳቸው ደብተሩን አምጥተዋል። ነጠላ የለበሱት ሴቶች መሐል ተቀመጡ፤ ቡና ተሰጣቸው። ገጹን ገልጠው ጭናቸው ላይ አኖሩት። የእናቴን ጽሕፈት ያየው ሁሉ እየተቀባበለ አነበበው። ልጄም አነበበው፤ ፊደሉን እየለየ፣ ቀስ ብሎ፣ ጮክ ብሎ።

ወዳጆቼ፣ አንዳንዶቻችሁ «ይኼ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። በከፊል ልክ ናችሁ። ስዊድናዊ ሁሉ ጎጆ የለውም፤ እንደ እኛ ያለ ስደተኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ቁልፉም እጄ የገባው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ይኼን ሁሉ አልሸሽግም። ደብተሩና ብሩሹ ግን ሀብት አይፈልጉም። ምርጊት ሀብት አይፈልግም። ደቦ የእኛ ቃል ነው።

እኔ ይኼን ግቢ ሳስበው እንደዚያ ቤት ነው። አምስት ዓመት በውሰት ኖርንበት። ኪራይ አልጠየቁንም። ከእኛ በፊት የነበሩት ወንበሩን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የሥራ ክፍሉን ትተውልን ሄዱ፤ ስማቸውን እንኳ አናውቅም። ዛሬ በዓመት አንድ ቀን እንመጣለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ምሳ እንበላለን፣ መዋጮ እንከፍላለን። መዋጮው ይቀጥል። እኔ የማቀርበው ግን ሌላ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየዓመቱ አንድ የምረቃ ዓመት ተራ ይዞ፣ ከበዓሉ በፊት ሁለት ቀን ቀድሞ መጥቶ አንድ ሥራ በእጁ ሠርቶ ይሂድ። ትልቅ አይሁን። አንድ በር፣ አንድ የመማሪያ ክፍል ግድግዳ፣ አንድ የውኃ መውረጃ። መሐንዲሱም፣ መምህሩም፣ ሐኪሙም ብሩሽ መያዝ አያቅተውም። ሁለተኛ፣ በየሥራ ክፍሉና በየቤተ ሙከራው በር ላይ አንድ ደብተር ይንጠልጠል። የተበላሸው፣ የተጠገነው፣ መለዋወጫው የት እንደተቀመጠ ይጻፍበት። ተማሪውም፣ መምህሩም፣ ጎብኚውም ይጻፍ። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ልጅ እኛን ሳያውቀን የጀመርነውን ይጨርስልናል።

የመጀመሪያውን ተራ የእኔ የምረቃ ዓመት እንዲወስድ ትናንት ማታ ከጓደኞቼ ጋር ተነጋግረናል። ሰባት ሰው እሺ ብሏል፤ ዛሬ ከምሳ በኋላ ስም የሚመዘግብ ወንድማችን በሩ አጠገብ አለ። ደብተሮቹን ገዝቼ አምጥቻለሁ፤ ለዲን ጽሕፈት ቤቱ አስረክባለሁ።

 የከርሞ ሰው ይበለን።